ስማርት ስፒከር ደሴ ላለ ቤት ይጠቅማል ወይ?

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ናችሁ? ደህና ናችሁ? አብሽሩ፣ ዛሬ አጭር ነው። ሁልጊዜ አጭር ነው እላለሁ፣ ሁልጊዜ ይረዝማል፤ ለምዳችሁታል።

የዛሬው ጉዳይ ስማርት ስፒከር ነው። ያ በድምፅ የሚታዘዘው። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ "ሙዚቃ ክፈት" ሲሉት የሚከፍተው፣ "መብራት አጥፋ" ሲሉት የሚያጠፋው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶውና ከቪታሚኑ ጎን ተሸጉጦ እየገባ ነው። ጥያቄው፦ ቤት ውስጥ ይጠቅማል ወይ? ሲያትል ያለ ቤት አላልኩም። ደሴ። ወይ ወረድ ብሎ ኮምቦልቻ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ስማርት ስፒከር ማለት ብሉቱዝ ስፒከር ማለት አይደለም። ያ ሲበራ በእንግሊዝኛ "ብሉቱዝ ኮኔክትድ" ብሎ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ስፒከር፣ ስላወራ ስማርት አልሆነም። እሱ ያወራል እንጂ አይሰማም። እንደዚህ አይነት ሰውም አለ፣ ስም አልጠራም።

ታሪኩን ቶሎ ልበለው። አማዞን "ኢኮ" የተባለችውን ስማርት ስፒከር እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ አወጣ፤ ውስጧ ሆና የምትታዘዘዋ ፕሮግራም አሌክሳ ናት። ጉግል በ2016 ተከተለ። አፕል በ2018። በቃ።

አሁን እንዴት እንደሚሰራ። እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ፣ ይቺን ነገር ስለምወዳት ነው።

እስቲ የሚላክ ልጅ አስቡ። ሁላችንም ነበርን። ልጁ ደጅ የጨርቅ ኳስ ይጫወታል። ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቷል፣ አቦሉ አልቆ ቶናው ቀርቧል፣ ትልልቆቹ ያወራሉ። የማን ልጅ እንዳገባች፣ ጤፍ ስንት እንደገባ። ድምፁ ልጁ ጆሮ ይደርሳል፤ ልጁ ግን ጉዳዩም አይደለም። በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከዚያ ስሙ ይጠራል። "አንተ ሰይዴ!" "አቤት!" ኳሱን ጥሎ በር ላይ ቆሟል። ያን ሁሉ ወሬ ያልሰማ ልጅ፣ ስሙን ግን ከሦስት ግቢ ማዶ ይሰማል።

ከዚያ ይላካል። "ሂድ እሱቅ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ መልሱን ቁጠር።" የድሮ ሰዎችማ መሬት ላይ እንትፍ ብለው "ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ድረስ!" ይሉ ነበር። ልጁ ይበራል።

አሁን ይቺን ያዙልኝ፦ ልጁ ራሱ ስኳር የለውም። ስኳሩ ያለው ሱቅ ነው። ልጁ ያለው ጆሮና እግር ነው። ሱቁ ከተዘጋ ባዶ እጁን ይመለሳል። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ምራቋ ደርቃ ትጠብቀዋለች። የላካችሁትን በደንብ ካልሰማ ደግሞ፣ ስኳር ብላችሁት ሳሙና ይዞ ከች ይላል። ያውም ኮራ ብሎ።

ስፒከሩ ይሄ ልጅ ነው። ስሙ "አሌክሳ" ነው፣ ወይም "ሄይ ጉግል"። "አቤት" የሚለው በመብራት ነው፤ የአማዞኑ ዙሪያውን ሰማያዊ ያበራል። ሱቁ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ነው፣ የኩባንያው ትልቅ ኮምፒውተር ማለት ነው። መንገዱ የእናንተ ኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ሱቁ ጋ አይደርስም፤ ሱቁ ጋ የማይደርስ ተላላኪ ምን እንደሚሆን እናንተው ጨርሱት።

ቴክኒኩን በአንድ ትንፋሽ እሄድበታለሁ። ውስጡ ብዙ ማይክራፎን አለ፣ የመጀመሪያው ኢኮ 7 ነበረው። ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይለያሉ፣ ጫጫታውን ይቀንሳሉ። ውስጡ ያለች ቺፕ ስሙን ብቻ ትጠብቃለች። ስሙ ሲጠራ ድምፁ በዋይፋይ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ወደዚያ ባሕር ማዶ ሰርቨር ይሄዳል፣ ወደ ጽሑፍ ይቀየራል፣ ምን እንደፈለጋችሁ ይገመታል፣ መልሱ ድምፅ ሆኖ ይመለሳል። አለቀ። ያልገባው ኮመንት ላይ ይጻፍ።

ኮመንት ካልን አይቀር፣ ወደ ጥቅሙ ልገባ ነበር፤ አላስገባችሁኝም። ስለ ስማርት ስፒከር ልሰራ ነው ብዬ ስጽፍ የመጣው መልስ ባብዛኛው አንድ ነው። "24 ሰዓት የቤታችንን ወሬ እየቀዳ አሜሪካ ይልካል።" አንዷ ደግሞ "ጂን ነው፣ ቤቴ አይገባም" ብላለች። የጂኑን ለሼሆቹ እተዋለሁ። የቅጂውን ግን እንነጋገርበት፣ ግማሹ እውነት ግማሹ ውሸት ስለሆነ።

ውሸቱ፦ 24 ሰዓት ይልካል የሚለው። ስሙን ለመስማት ማይክራፎኑ ክፍት መሆን አለበት፣ አዎ። ግን የሰማውን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይይዛል፣ በላዩ ላይ አዲስ ይጽፍበታል፣ አሮጌው ይጠፋል። ስሙ ካልተጠራ አይልክም። "ኩባንያው ስላለ ታምነዋለህ?" ትሉኛላችሁ። አትመኑ! ለክታችሁ እዩ። ድምፅን በጣም ጨምቃችሁ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ብቻ ብትልኩ እንኳ፣ በቀን 345 ሜጋባይት ገደማ ነው። በወር 10 ጊጋ! ከስልካችሁ ሆትስፖት ላይ አገናኙትና ማንም ሳይጠራው ይዋል። ጥቅላችሁ ያን ያህል ከጎደለ እኔን ስደቡኝ። ወሎዬ ደግሞ ሜጋባይቱ ስትጎድል ሳያይ አያልፍም።

እውነቱ፦ ሳይጠራ ተጠራሁ ብሎ የሚነሳበት ጊዜ አለ። የሚመስል ድምፅ ሲሰማ ይነሳል። "ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ ተኛች" ብትሉ እኮ አሌክሳ ሁለቴ የተጠራች ሊመስላት ይችላል። ከዚያ የሚቀጥለው ወሬያችሁ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከተቀዳው ድምፅ የተወሰነውን ሰዎች ቁጭ ብለው እንደሚያዳምጡት ጋዜጦች አወጡ። አማዞንም፣ ጉግልም፣ አፕልም። ማሽኑን ለማሻሻል ነው አሉ እንጂ አልካዱም። በ2023 አማዞን የልጆችን ድምፅ መሰረዝ ሲገባው ይዞ ቆይቷል ተብሎ ተከሶ፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በ2025 መጋቢት ላይ ደግሞ በአንዳንድ ኢኮዎች ላይ የነበረችውን "የድምፅ ቅጂዬን አትላኩ" የምትል ምርጫ ጭራሽ አነሳት።

ስለዚህ ስለላ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፣ ግን ዝም ብላችሁም አትመኑት። ማይክራፎን ማጥፊያ ቁልፍ አለው። ተጫኑት፣ ኢኮ ከሆነ ቀይ ያበራል፣ አይሰማም። እንግዳ ሲመጣ፣ ሽምግልና ሲቀመጡ፣ ተጫኑት። "አማርኛ አይችል፣ ምን ያመጣል?" ያላችሁም አላችሁ። አማርኛ አይገባውም ማለት አይቀዳም ማለት አይደለም። ይቺን ለይታችሁ ያዙ።

እሺ። ሰዓታችንን በሉት። ወደ ጥቅሙ።

መብራት ማብራት ማጥፋት። ማስታወቂያው ሁሌ የሚጀምረው በዚህ ነው። እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ አምፖል ነው ያለው፣ ማብሪያ ማጥፊያው በሩ ጥግ ነው። ለእሱ ስማርት አምፖል መግዛት አለባችሁ። ገዛችሁ እንበል። ማታ እናቴ እንደ ልማዷ ግድግዳው ላይ ጠቅ አድርጋ ታጠፋለች። አለቀ፤ አምፖሉ ኤሌክትሪክ የለውም፣ ዓለም ላይ ያለ አሌክሳ ሁሉ ቢሰበሰብ አያበራውም። እናቴን ደግሞ "ግድግዳውን አትንኪ፣ ተናገሪ" ማለት... እናንተ ሞክሩ። ለእሷ በድምፅ የሚታዘዝ ነገር ከተወለድኩ ጀምሮ አላት።

ማንቂያ ደወል። ደሴ ውስጥ? ከአንዱ በኩል አዛን፣ ከሌላው በኩል ቅዳሴ። ያ ያልቀሰቀሰውን ስፒከር አይቀሰቅሰውም። ደግሞ ሰዓታችን አይገባውም። "ለ12 ሰዓት ቀስቅሰኝ" በሉት፤ የቀን ነው የሌሊት ብሎ ይጠይቃል። የቀኑ የእኛ 6 ሰዓት ነው፣ የሌሊቱ የእኛ ሌሊት 6 ሰዓት። ሁለቱም ከሥራ ያስቀራሉ። ጠዋት 12 ለመነሳት "6" ማለት አለባችሁ። ይለመዳል፣ ግን በእንቅልፍ ልብ የሚሰራ ሒሳብ አይደለም።

የአየር ሁኔታ። ደሴ በመስኮት እዩ፤ የጦሳ ተራራ ከታየ ጥሩ ነው፣ ካልታየ ጉም ነው። ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ የሐረጎን ቁልቁለት ስትጨርሱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ይሄን ለማወቅ ሰርቨር አያስፈልግም።

ሙዚቃ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ትንሹም ክፍል ይሞላል። ግን አምባሰል ወይ ባቲ ስጠኝ በሉት እስቲ። በእንግሊዝኛ ጆሮ ነው የሚሰማችሁ። የዘፋኙን ስም በፈረንጅ አፍ አጣማችሁ ካልጠራችሁት፣ ያልሰማችሁት አገር ሙዚቃ ይከፍታል። ያው ሳሙናው መጣ። የዘፈን አገልግሎቱም ብዙውን ጊዜ በዶላር የሚከፈል አባልነት ይፈልጋል። እኔ ስልኬን በብሉቱዝ አገናኝቼ ነው የማዳምጥበት። ማለትም ስማርቱን ስፒከር ደደብ አድርጌ።

ጊዜ መቁጠር፣ ይሄኛው ግን ይጠቅማል። ከልቤ ነው። ምጣድ ላይ ያለ ሰው፣ ሁለቱም እጁ ሊጥ የሆነ ሰው፣ "10 ደቂቃ ቁጠር" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ስልክ አይነካም። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ናት ሰውን የምታስለምደው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይሄ ዕቃ በጣም የሚጠቅመው ማንን ነው? ዓይኑ የማያይ ሰውን። ከአልጋ መነሳት የማይችልን ሰው። እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንትን። ስክሪን መንካት፣ ፊደል መፈለግ ለማይችል ሰው "ለልጄ ደውል" ብሎ ማዘዝ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ቤት ደግሞ እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት አማርኛ ነው። አሌክሳ አማርኛ አትችልም። የጉግሉም ስፒከር አይችልም። ስፒከሩ የሚያስፈልገውን ሰው አይሰማውም፣ የሚሰማውን ሰው ደግሞ ስፒከሩ አያስፈልገውም። እኔ እንግሊዝኛ እሞክራለሁ፣ ግን እግር አለኝ፣ ተነስቼ አጠፋለሁ!

የሚገርመው፣ ስልካችሁ አማርኛ ይሰማል። ጉግል የአማርኛ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መቀየርን እ.ኤ.አ. በ2017 ጀምሯል። የጉግል ኪቦርድ ላይ ያለችውን ማይክራፎን ተጭናችሁ አውሩ፣ ይጽፋል። ይሳሳታል፣ ግን ይጽፋል። ጆሮው አለ ማለት ነው፣ ስፒከሩ ውስጥ አልገባም እንጂ። ስለዚህ ለአባታችሁ ስጦታ ካሰባችሁ፣ ኪቦርዱን አስተካክሉለትና አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ አሳዩት። ነፃ ነው።

አንድ ቤት ብቻ ለየት ይላል። አሌክሳ አረብኛ ትችላለች፣ ያውም የሳዑዲውን። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሳዑዲ ሠርታ የተመለሰች እህት የሌለችበት ሰፈር የት አለ? የእነሱን አረብኛ ከእኔ እንግሊዝኛ መቶ ጊዜ አስበልጠዋለሁ። ይሄን ዕቃ ደሴ ውስጥ አሳምራ የምታዘው እሷ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ወንድሟ አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ? አብዛኞቹ ባትሪ የላቸውም። ይሞታሉ። አንዳንድ አሮጌ ትንንሾቹ በዩኤስቢ ስለሚሰሩ ፓወር ባንክ ያነሳቸዋል፣ ግን ራውተሩም አብሮ ጠፍቷል። ኔትወርክ ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ ደግሞ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ያኔ ይሄ ዕቃ በር ማቆሚያ ነው።

ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ገዝታችሁ አታምጡ። ዋጋ አልጠራም፣ ቪዲዮው ሳያልቅ ይቀየራል። በዚያ ብር የምታስቡትን ሌላ ነገር ግዙ። ዘመድ በነፃ ካመጣላችሁ ግን አትጣሉት፣ ጊዜ ቆጣሪ ነው፣ ጥሩ ድምፅ አለው፣ ልጆችም እንግሊዝኛ ይለማመዱበታል።

ከመሰካታችሁ በፊት ብቻ ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አንብቡ። "100-240" ካለ ሰኩት። 120 ብቻ ካለ እንዳትነኩት፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ በአንድ ጊዜ ጭስ ታያላችሁ። ለመክፈት ስልክ ላይ የሚጫን አፕና አካውንት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ያመጣው ሰው ከመመለሱ በፊት አብራችሁ ክፈቱት። ሄዶ ካበቃ በኋላ የይለፍ ቃል በስልክ መጠያየቅ ወዳጅነት ያበላሻል።

በሉ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኩ። የሚቀጥለው መብራት ሲጠፋ ራውተር እንዴት በትንሽ ባትሪ እንደሚቆይ ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ የመብራት መጥፋት በየትኛው ሰዓት እንደሚበዛ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ለዚያ እፈልገዋለሁ።