የአሥር ምክር ቤቶች ገንዘብ፦ ማን ነው የሚጠይቀው?

(ምስል፦ ደቡብ ምሥራቅ ዌልስ፣ ኒውፖርት። ከመንገድ ራቅ ብሎ የቆመ ግዙፍ የፋብሪካ ሕንፃ።)

ይህን ሕንፃ በደንብ እዩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1996 የኮሪያው ኤልጂ ወደ ኒውፖርት መጣ። 1.7 ቢሊዮን ፓውንድ አፈሳለሁ፣ 6,100 ሰው እቀጥራለሁ አለ። መንግሥትም ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ድጋፍ ቃል ገባ። የቺፕ ፋብሪካው ተገነባ። ግን አንዲት ቺፕ ሳያመርት ቀረ።

ከ20 ዓመት በኋላ የሕዝብ ገንዘብ እዚሁ ሕንፃ ደጃፍ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ዙር ከፋዮቹ የአካባቢው ምክር ቤቶችም ናቸው። ታዲያ ሁለተኛ ጊዜ እንዳንሸወድ ማን ነው የሚጠይቀው?

(ምስል፦ የዌልስ ካርታ፤ አሥሩ የምክር ቤት ወሰኖች አንድ በአንድ ቀለም ይቀባሉ።)

በ2016 ካርዲፍንና ኒውፖርትን ጨምሮ አሥር ምክር ቤቶች ከለንደንና ከዌልስ መንግሥታት ጋር «ሲቲ ዲል» የሚባል የአካባቢውን ኢኮኖሚ የማሳደግ ስምምነት ፈረሙ። ጠቅላላው ወደ 1.2 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። ከዚህ ውስጥ 734 ሚሊዮኑ ለባቡር መስመር ተለየ። የቀረው 495 ሚሊዮን የኢንቨስትመንት ፈንድ ሆነ። ከፈንዱ 120 ሚሊዮኑን የሚያዋጡት አሥሩ ምክር ቤቶች ናቸው፣ በሕዝብ ብዛታቸው ልክ። ቃሉ ደግሞ ትልቅ ነው፦ በ20 ዓመት ውስጥ 25,000 የሥራ ዕድልና 4 ቢሊዮን ፓውንድ የግል ኢንቨስትመንት።

ገንዘቡ የት ይግባ የሚለውን የሚወስኑት የአሥሩ ምክር ቤቶች መሪዎች ናቸው። እነዚህን መሪዎች የሚጠይቅ ሌላ አካል አለ፤ የጋራ የክትትልና ቁጥጥር ኮሚቴ ይባላል። ከየምክር ቤቱ አንድ አንድ አባል ይቀመጥበታል።

ኮሚቴው ውስጥ የካቢኔ አባል፣ ማለትም በምክር ቤቱ ውሳኔ ከሚያስተላልፉት አንዱ፣ መግባት አይችልም። በ2000 የወጣው ሕግ ወሳኙንና ጠያቂውን ለይቷቸዋል። የ2011ዱ የዌልስ ሕግ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፣ እኔ በጣም የምወደው፦ ፓርቲ በዚህ ወንበር ላይ ያለውን አባሉን «እንዲህ ድምፅ ስጥ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። በተግባር ሁሉም ነጻ ነው ወይ? እሱን ለእናንተ ልተወው።

ኮሚቴው ውሳኔ መሻር አይችልም። መጠየቅ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ ውሳኔው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት «እንደገና እዩት» ብሎ መመለስ ይችላል። በቃ። ስለዚህ ጉልበቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ውል ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

(ምስል፦ የስብሰባ ጠረጴዛ። ወፍራም ሪፖርት፣ በእስክሪብቶ የተሰመረበት አንድ ዓረፍተ ነገር።)

አሁን ወደ ሕንፃችን እንመለስ። በ2017 ከፈንዱ ወደ 38 ሚሊዮን ፓውንድ ለዚህ ቦታ ተፈቀደ። ሐሳቡ ሕንፃውን አዘጋጅቶ አይኪውኢ ለተባለ የሰሚኮንዳክተር (የቺፕ ጥሬ ዕቃ) ኩባንያ ማከራየት ነበር። እስከ 2,000 የሥራ ዕድል ያመጣል ተባለ።

እስቲ ራሳችሁን ኮሚቴው ውስጥ አስቀምጡ። ሪፖርቱ ላይ ምን ትፈልጋላችሁ? ብዙ ሰው ቁጥሩን ይፈልጋል። እኔ ግን ግሱን ነው የማየው። «የሥራ ዕድል ፈጥሯል» አንድ ነገር ነው። «ደግፏል» ሌላ ነው፤ ድሮም ሥራ ላይ የነበረ ሰው እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። «ይፈጥራል ተብሎ ይጠበቃል» ደግሞ ገና ምንም የለም ማለት ነው። ሦስቱም አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ተደምረው ሲመጡ ጉዱ እዚያ ነው።

ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል። ይህ ገንዘብ ባይሰጥ ኖሮ ኩባንያው ያንን ሰው አይቀጥርም ነበር? ወይስ ሰውየውን ከጎረቤት ከተማ ነው ያመጣው? ካርዲፍ የቀጠረችው ሰው ከአሥሩ አንዷ በሆነችው መርተር ቲድቪል ውስጥ ሥራውን ለቆ የመጣ ከሆነ፣ ለክልሉ፣ ማለትም ለአሥሩ ምክር ቤቶች አካባቢ በሙሉ፣ የተጨመረ ነገር የለም። መርተርን ወክሎ ለተቀመጠው አባል ደግሞ ጭራሽ ኪሳራ ነው። የኮሚቴው ትልቁ ፈተናም ይኼው ነው። እያንዳንዱ አባል የመጣው ከመራጩ ነው። «ለእኔ ሠፈርስ ምን ደረሰው?» ብሎ መጠየቁ አይፈረድበትም። የተቀመጠው ግን ስለ ክልሉ ሊጠይቅ ነው።

(ምስል፦ የተዘጋ በር።)

አንዳንዴ ደግሞ በሩ ይዘጋል። የኩባንያ ምስጢር ያለበት ወረቀት ሲቀርብ ሕጉ ሕዝቡ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ይህ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም፤ ድርድር ላይ ያለን ዋጋ አደባባይ ማስጣት ሞኝነት ነው። ግን ድርድሩ ካለቀ በኋላም በሩ ካልተከፈተ፣ ያኔ መጠርጠር ያስፈልጋል።

ሌላ ጠያቂም አለ፣ ባለ ገንዘቡ መንግሥት። በየአምስት ዓመቱ ግምገማ ይደረጋል፤ ቀጣዩ ክፍያ የሚለቀቀውም እሱ ታይቶ ነው። ጥርስ ያለው እሱ ነው እላለሁ። ግን አምስት ዓመት ረጅም ነው።

(ምስል፦ የባሕር ዳርቻ፣ ትልቅ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ።)

የመጨረሻው ምሳሌ አበርቶ ነው፣ የተዘጋ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ። የአሥሩ ምክር ቤቶች ጥምረት በ2022 ገዛው። ዋጋው 8 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ርካሽ ይመስላል አይደል? ለማፍረስና ቦታውን ለማጽዳት የተመደበው ግን ከግዢው ዋጋ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ ወጪው የሚጀምረው ቁልፉን ከተረከቡ በኋላ ነው።

እና ከአሥሩ አባላት አንዱ ብሆን አንድ ጥያቄ ነበረኝ። የተመደበው ካልበቃ ልዩነቱን የሚከፍለው የትኛው ምክር ቤት ነው፣ ስንት በመቶውን? መልሱ በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ እጠይቅ ነበር። በዌልስ አጀንዳና ሪፖርት ከስብሰባው ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን በፊት ለሕዝብ ይወጣል። እዚያ የምትኖሩ ካላችሁ ገልጣችሁ ግሶቹን እዩ።