«ጥቁር ስለሆነ ብቻ ነው የመረጡት?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ባራክ ኦባማ ሂላሪ ክሊንተንን ስላሸነፉበት የ2008 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው የፕሬዝዳንት ዕጩውን ስለሚመርጥበት ውድድር) ከተወያየን በኋላ ስልካችን አላረፈም። ከደወሉልን አድማጮች የጥቂቶቹን ጥያቄ ከእንግዳችን መልስ ጋር በጽሑፍ አቅርበነዋል። ዓመቶቹና ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የደወሉ አባት፦ ዶክተር፣ ነገሩን አታወሳስቡት። ጥቁሮች ጥቁር ስለሆነ መረጡት፣ አለቀ። ሌላ ምን ምሥጢር አለው?

አባቴ፣ እንደሚሉት ቢሆን ኖሮ ውድድሩ ሳይጀመር ባለቀ ነበር። በ2007 በጥቁር አሜሪካውያን መካከል በተደረጉ በርካታ የአስተያየት መለኪያዎች ይመሩ የነበሩት ክሊንተን ናቸው። በ1965 ሰልማ ላይ ሰልፍ ሲመሩ በፖሊስ ዱላ የተፈነከቱት ጆን ሉዊስ እንኳ በ2007 ኦክቶበር ላይ ድጋፋቸውን የሰጡት ለክሊንተን ነው። የእኛን ስም ይዞ ሃርለም ላይ የቆመው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተርም ከክሊንተን ጎን ነበሩ።

ለምን? ቢል ክሊንተን በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ይወደዱ ነበር፤ ባለቤታቸውም የታወቁ ሰው ናቸው። ኦባማ ግን ሃዋይ የተወለዱ፣ አባታቸው ኬንያዊ፣ እናታቸው የካንሳስ ነጭ ናቸው። «ቅድመ አያቶቹ በባርነት አልኖሩም፤ የእኛን ታሪክ አይጋራም» የሚሉ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰውን ወደ ኋላ የያዙት ስሌትና ፍርሃት ናቸው። ስሌቱ «ነጮቹ የማይመርጡት ከሆነ ድምፄን ለምን አባክናለሁ?» የሚል ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ከተገደሉበት ከ1968 ጀምሮ በአዛውንቶች ልብ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ «ይገድሉታል» ይሉ ነበር። ያለ ምክንያትም አልነበረም። ሰክሬት ሰርቪስ ለኦባማ ጥበቃ የመደበው በሜይ 2007፣ ማለትም የመጨረሻው ምርጫ ገና ዓመት ተኩል ሲቀረው ነው። በዕጩነቱ ብቻ ያን ያህል ቀደም ብሎ ጥበቃ የተመደበለት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ስሌቱን የገለበጠችው በዚያ ዓመት ከሁሉም ግዛቶች ቀድማ ድምፅ የሰጠችው አዮዋ ናት። ያኔ ነዋሪዎቿ ከመቶ ከዘጠና በላይ ነጮች ነበሩ። በጃንዋሪ 3 ምሽት በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰብስበው ኦባማን በ38 ከመቶ ገደማ አንደኛ አደረጓቸው፤ ጆን ኤድዋርድስና ክሊንተን ሠላሳ ከመቶ አካባቢ ቀሩ። የዚያን ሌሊት ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስንት ሰው «ለካ ይቻላል» ብሎ እንደተኛ መገመት አያዳግትም። በጃንዋሪ 26 ሳውዝ ካሮላይና ድምፅ ስትሰጥ ኦባማ 55፣ ክሊንተን 27 ከመቶ አገኙ። ከአምስት ጥቁር መራጮች አራቱ ገደማ ለኦባማ ነበሩ።

አሁንም ካልተዋጠልዎት እዚያችው ሳውዝ ካሮላይና ላይ በ2020 የሆነውን ይመልከቱ። ካማላ ሃሪስና ኮሪ ቡከር የተባሉት ሁለት ጥቁር ሴናተሮች በመላ አገሪቱ አንድ ድምፅ እንኳ ከመሰጠቱ በፊት ከውድድሩ ወጥተዋል። የግዛቲቱ ጥቁር መራጮች አዮዋም ኒው ሃምፕሻየርም የጣሏቸውን የ77 ዓመቱን ጆ ባይደን አንስተው አቆሙ። ጥቁሩ ጥቁርን ብቻ የሚመርጥ ከሆነ ይህ ከየት መጣ?

ጸጉር ቤት ያላት እህት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በፕሮግራሙ ላይ «ሳውዝ ካሮላይናን ያሸነፉት በጸጉር ቤቶች ነው» ብለዋል። ቀልድዎን ነው ወይስ የምርዎን? እኔ ቤት ፖለቲካ ከተነሳ ደንበኛ ይጣላል።

የምሬን ነው፤ ጥቂት ብዘረዝረው ደስ ይለኛል።

እዚያ የቆየው ልማድ የታወቀ ነው። የዕጩው ሰዎች ስመ ጥር ፓስተሮችንና የአካባቢ ፖለቲከኞችን ያነጋግራሉ፤ አንዳንዱን በአማካሪነት ይቀጥራሉ፤ በምርጫው ዕለት ደግሞ መራጭ ለሚያመላልሱና ወረቀት ለሚበትኑ ጥሬ ገንዘብ ይታደላል። የኦባማ ዘመቻ ይህን ገንዘብ አልሰጥም አለ። ነገሩን ከንጹሕ ልብ ብቻ የመጣ አድርገው የሚተርኩ አሉ፤ እኔ በግማሹ ነው የምስማማው። ከትልልቆቹ ሰዎች ብዙዎቹ አስቀድመው ከክሊንተን ጋር ስለነበሩ፣ ሌላ በር መፈለግ ግድ ነበር።

የተገኘው በር የሴቶች ጸጉር ቤትና የወንዶች ጸጉር ማስተካከያ ሆነ። ቅዳሜ ጸጉሯን ለመሠራት የመጣች ሴት ሁለት ሦስት ሰዓት ትቀመጣለች። ባለ ጸጉር ቤቷ በዚያ ሠፈር እንደ ዕድር ጸሐፊ ናት፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ቤት እንደቀየረ፣ የማን ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላው ታውቃለች። የዘመቻው ወጣቶች ፖስተርና የመራጭ መመዝገቢያ ቅጽ ይዘው ወደ እርሷ ሄዱ። ፓስተሩ ከመድረክ ላይ ለሦስት መቶ ሰው አንድ ጊዜ ይናገራል፤ እርሷ ግን ለአንዲት ሴት፣ ጸጉሯን በእጇ ይዛ፣ ረጋ ብላ ትናገራለች። የቱ እንደሚሰማ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

ከዚህ ጀርባ ሥልጠና ነበረ። ማርሻል ጋንዝ የሚባሉ ሰው በ1964 የሃርቫርድ ትምህርታቸውን ጥለው ሚሲሲፒ የወረዱ፣ በኋላም ከሴዛር ቻቬዝ ጋር የእርሻ ሠራተኞችን ሲያደራጁ የኖሩ ናቸው። በ2007 የኦባማን በጎ ፈቃደኞች በማሠልጠን ረድተዋል። ሠልጣኙ መጀመሪያ የሚማረው የዕጩውን የጤና መድን ዕቅድ ማብራራት ሳይሆን የራሱን ታሪክ በሁለት ደቂቃ መናገር ነው፦ እኔ ማን ነኝ፣ ምን አጋጥሞኝ ነው እዚህ በርህ ላይ የቆምኩት? ፖሊሲውን ከጋዜጣ ማንበብ ይቻላል፤ ጎረቤት ቅዳሜውን ሰውቶ ለምን እንደመጣ ግን ከራሱ አፍ ካልሆነ አይሰማም። ኦባማም ራሳቸው በ1985 ወደ ቺካጎ የሄዱት አደራጅ ሆነው ስለነበር ሥራው ለእርሳቸው ባዕድ አልነበረም። ኦልትጌልድ ጋርደንስ በሚባለው የመንግሥት ቤቶች ሠፈር ነዋሪዎች ከቤታቸው አስቤስቶስ እንዲነሳላቸው ሲታገሉ አብረው ነበሩ።

ግሪንውድ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ኦባማ በ2007 አንዲት የግዛቲቱን ምክር ቤት አባል ድጋፍ ሲጠይቁ «ግሪንውድ ከመጣህ» አለቻቸው፤ እሺ አሉ። ረጅም መንገድ ተጉዘው፣ በዝናብ፣ ደክሟቸው ሲደርሱ የጠበቃቸው ሃያ የሚሆን ሰው ብቻ ነው። ከኋላ ድንገት አንድ ድምፅ «ተቀጣጥለናል!» ሲል ቤቱ ይቀበላል፤ «ለመሄድ ዝግጁ ነን!» ሲልም ይቀበላል። ድምፁ የከተማዋ አካባቢ ምክር ቤት አባል የኢዲዝ ቻይልድስ ነበር፤ አጭር ሴት፣ ትልቅ ባርኔጣ። ጩኸቱን ያመጡት ከጥቁሮች የመብት ትግል ነው። ኦባማ ከዚያ በኋላ በሄዱበት ሁሉ ይህን ሲያስተጋቡ ኖሩ፤ አገር ያወቀው የዘመቻው መፈክር ከማስታወቂያ ድርጅት ሳይሆን ከዚያች ክፍል የወጣ ነው።

ኦፕራ ዊንፍሬይ ዲሴምበር 9 ቀን 2007 ኮሎምቢያ ወደምትባለው የግዛቲቱ ዋና ከተማ ስትመጣ ወደ ሠላሳ ሺህ ሰው ስታዲየም ገባ። ጋዜጦች የጻፉት ስለ ኦፕራ ነው። አዘጋጆቹ የፈለጉት ግን የተሰብሳቢውን ስልክ ቁጥር ነበር፤ እዚያው መቀመጫቸው ላይ ሳሉም የመራጮች ስም ተሰጥቷቸው እንዲደውሉ ተጠየቁ። ሚሼል ኦባማ ደግሞ እዚያው ሳውዝ ካሮላይና ወዳለችው ጆርጅታውን ወረዱ። የቅድመ አያታቸው አባት ጂም ሮቢንሰን እዚያ በሩዝ እርሻ ላይ ባሪያ ነበሩ። «የእኛን ታሪክ አይጋራም» ለሚለው ወቀሳ ከዚህ የበለጠ መልስ የሚሰጥ ንግግር አልነበረም።

ለእርስዎ፣ እህቴ፣ የዕጩ ፖስተር ይለጥፉ አልልም፤ ደንበኛዎን ያውቋታል። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ግን መስታወቱ ጎን ቢለጠፍ ማንንም አያጣላም። በተለይ ሜሪላንድ ላይ፦ በፓርቲው ቅድመ ምርጫ የሚመርጠው በፓርቲው አባልነት የተመዘገበ ብቻ ነው። ሰዎቻችን ይህን የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ነው።

ከአትላንታ የደወለ ወጣት፦ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም። በዘመቻ መሳተፍ እችላለሁ?

ትችላለህ። በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ገንዘብ ማዋጣትም ቢሆን ለግሪን ካርድ ባለቤት የተፈቀደ ነው። ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ግን ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ ሊያገለግል ይችላል እንጂ ገንዘብ መስጠት አይችልም። ድምፅ ለመስጠት መመዝገብንና መምረጥን ሁለታችሁም አታስቡት። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ «መራጭ ሆነህ ትመዘገባለህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ሳታነብ እሺ ብለህ አትፈርም። ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ከአገር ያስባርራል።

ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ እናት፦ ልጄ ለአንድ ዕጩ ሲቀሰቅስ በጥቁሮች ሠፈር አንድ አዛውንት «አንተ አፍሪካዊ ነህ እንጂ ከእኛ አይደለህም» አሉት። አዝኖ ገባ። እኛ ማን ነን?

በመጀመሪያ መዝገቡ የሚለውን ልንገርዎ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» ከሚለው ሥር የትውልድ መነሻ የሚጻፍበት ቦታ ነበር፤ በምሳሌነት ከተዘረዘሩት መካከል ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ እና ሶማሊያዊ ይገኛሉ። ስለዚህ በቅጹ ላይ ሁለቱንም ነን። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ የሚጠይቁት የአስተያየት ሰብሳቢዎች ግን ለዝርዝሩ ጊዜ የላቸውም፤ ልጅዎን «ጥቁር» ብለው መዝግበው ያልፋሉ።

አዛውንቱ ግን ስለ ቅጽ አይደለም የተናገሩት። በቴክሳስ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ እስከ 1944 ድረስ ለነጮች ብቻ ነበር። በደቡቡ ያ ፓርቲ ሁልጊዜ ስለሚያሸንፍ፣ ከቅድመ ምርጫው የተከለከለ ሰው ከምርጫ ሁሉ የተከለከለ ነበር። ሎኒ ስሚዝ የሚባሉ የሂውስተን የጥርስ ሐኪም ከሰሱ፤ ተርጉድ ማርሻል ተከራከሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያ ዓመት ክልከላውን ሻረው። ልጅዎ በር እያንኳኳ የሚቀሰቅስለት ቅድመ ምርጫ በእነዚያ አዛውንት ወላጆች ዘመን ለእነርሱ የተዘጋ በር ነበር። በኦገስት 1965 የመምረጥ መብት ሕግ ወጣ፤ በሁለት ወር ውስጥ ደግሞ ለእኛ ዓይነቱ ስደተኛ መንገድ የከፈተው የኢሚግሬሽን ሕግ ተከተለ። ሁለቱም የወጡት በአንድ የትግል ዘመን ነው። ልጅዎ ይህን ቢያውቅ ቅሬታው ይቀልለታል።

ከቤታችንም እንጀምር። እኛ ራሳችን በየድግሱ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን እንደ ባዕድ ስናማ ልጆቻችን ይሰማሉ። አዛውንቱ የመለሱለት ምናልባት ከሌሎቻችን የተቀበሉትን ይሆናል። ኦባማ «በቂ ጥቁር አይደለህም» ሲባሉ በክርክር ብዙ አልደከሙም። ሠፈሩ ውስጥ ኖረዋል፣ ሠርተዋል፣ አግብተዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። ልጅዎ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደዚያው በር ቢመለስና ስለ ዕጩው ከመናገሩ በፊት አዛውንቱ መጀመሪያ የመረጡት መቼ እንደሆነ ቢጠይቃቸው እመክራለሁ።

የኮሌጅ ተማሪ፣ ከሲያትል፦ የምወዳት ዕጩ እንደምትሸነፍ አውቃለሁ። ለተሸናፊ መሥራት ጊዜ ማባከን አይሆንም?

የጥቁሮች መብት ታጋዩ ጄሲ ጃክሰን በ1988 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ወደ ሰባት ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ አግኝተው ተሸነፉ። ሆኖም በዚያ ጉልበት ተደራድረው ፓርቲው ልዑካንን፣ ማለትም በጉባኤው ዕጩውን የሚመርጡትን ተወካዮች፣ በድምፅ ድርሻ ልክ እንዲያከፋፍል አስደረጉ። ከሃያ ዓመት በኋላ በአንዱ ቀን፣ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2008፣ ክሊንተን ትልቋን ኒው ጀርዚን አሸንፈው በ11 ልዑካን በለጡ፤ ኦባማ ትንሿን አይዳሆን አሸንፈው በ12 በለጡ። የተሸናፊው ድርድር ባይኖር ኖሮ የዚያ ዓመት ሒሳብ ሌላ ይሆን ነበር።

ሸርሊ ቺዝም ደግሞ አሉ። ከካሪቢያን ስደተኞች ብሩክሊን የተወለዱ፣ በ1968 ለኮንግረስ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት። በ1972 ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ ብዙዎቹ ጥቁር ወንድ ፖለቲከኞች ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ በጉባኤው ያገኙት 152 የልዑካን ድምፅ ብቻ ነው። በዚያ ዘመቻ ወቅት ካሊፎርኒያ ውስጥ ባርባራ ሊ የምትባል ተማሪ ነበረች። ትምህርቷ በአንድ የፕሬዝዳንት ዕጩ ዘመቻ ውስጥ መሥራትን ይጠይቅ ነበር፤ ከዕጩዎቹ ማንንም ስላልወደደች ልትወድቅ ተዘጋጅታ ነበር። ቺዝም ወደ ኮሌጇ መጥተው ሲናገሩ ሰማች። «ለእርስዎ እሠራለሁ» ስትላቸው «መጀመሪያ ተመዝግበሻል ወይ?» አሏት፤ አልተመዘገበችም ነበር። ተመዘገበች፣ በአካባቢዋ ዘመቻውን አደራጀች፤ በ1998 ራሷ ኮንግረስ ገባች፤ በ2025 የኦክላንድ ከንቲባ ሆና ተመረጠች። ያንን ትምህርትም በኤ አልፋዋለች።