«ይሄን ላቁመው እንዴ?»

እሺ... ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ቃል የገባሁላችሁ ክፍል ይቆየን። ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው።

የእማዬን ዓይን ነገር ታውቃላችሁ። ሐኪሙ «የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው» ካላት በኋላ፣ ማታ ላይ፣ የኮሌስትሮል ኪኒኗን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ሳትውጠው ቆየች። በአንድ እጇ ውሃ ይዛለች። ኪኒኑን በአውራ ጣቷ ታገላብጠዋለች፣ ወደ መብራቱ ታስጠጋዋለች፣ ላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ለማንበብ ትታገላለች፤ አልታያትም። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄን ላቁመው እንዴ? ዓይን ይጎዳል ይላሉ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ፍርሃት ነበረ። እማዬ ደግሞ ስትፈራ አታሳይም፣ ታውቋታላችሁ።

እና እኮ ጥያቄዋ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በፈረንጆቹ 1960 ትሪፓራኖል የሚባል ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ወጥቶ፣ የወሰዱት ሰዎች ዓይን ሞራ ሲያወጣ በ1962 ከገበያ ተነሳ። እርግጥ እሱ ስታቲን ከሚባሉት ከአሁኖቹ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ይለያል። ግን በፈረንጆቹ 2016 በወጣው ሆፕ 3 በተባለው ትልቅ ጥናትም ከስታቲኖቹ አንዱን፣ ሮሱቫስታቲንን፣ ከወሰዱት 3.8 በመቶው፣ ካልወሰዱት 3.1 በመቶው የሞራ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ልዩነቷ ትንሽ ናት። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ምንም የለም ይላሉ። በዚያው በሆፕ 3 ጥናት መድኃኒቱ ልብንና አንጎልን ጠብቋል፤ ስለዚህ «ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳታቆሚ» አልኳት። ዋጠችው።

የሚገርመኝ ግን ሌንሱ ራሱ ነው፤ ማለቴ ዓይን ውስጥ ያለው፣ ሞራ የሚይዘው ጥርት ያለ ክፍል። ሰውነታችን ውስጥ እንደ ዓይን ሌንስ ሴሎች ሽፋን በኮሌስትሮል የተሞላ የለም! የደም ሥር የለውም፣ ኮሌስትሮሉን ራሱ ይሠራል። ሴሎቹ አይተኩም፤ መሃሉ ላይ ያለው ፕሮቲን ከመወለዳችን በፊት የተሠራው ነው። ያ ፕሮቲን ሲጓጉል ብርሃን ይበተናል፣ ግርዶሽ የምንለው ይሄው ነው። ደም ውስጥ እንዲቀንስ የምንታገለው ነገር እዚያ ሌንሱን ጥርት አድርጎ ከሚያቆዩት አንዱ ነው። ይሄን ለእማዬ እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ደግሞ ላኖስትሮል አለ። ሰውነት ኮሌስትሮል ሲሠራ መንገድ ላይ የሚያልፍበት ነገር ነው። በፈረንጆቹ 2015 እሱን መሥራት የሚያቅታቸው ልጆች ሞራ ይዘው እንደሚወለዱ ታወቀ፤ ለውሾች ሲሰጥ ደግሞ ግርዶሹ ቀነሰ ተባለ። ጠብታ! ያለ ቢላ! ያን ቀን ልቤ ዘለለች። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በቀዶ ሕክምና ከሰው ዓይን የወጣ ሞራ ላኖስትሮል ውስጥ ነክረው ጠበቁ። አልጠራም።

እና እስከ ዛሬ የተረጋገጠው ሕክምና ቀዶ ሕክምናው ብቻ ነው። እማዬ ግን ዓይኔን በስለት አላስነካም ብላለች። ጠብታው አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል እያልኩ ላጽናናት እፈልጋለሁ፤ ግን በዚያ ተስፋ ቁጭ ካለች ሞራው እየጠጠረ ይሄዳል፣ ማውጣቱም ይከብዳል። ታዲያ ተስፋውን ልንገራት ወይስ... አይ፣ እህቴ ብታናግራት ይሻል ይሆን? እሷም እኮ ደግሞ...