በአሮጌ መኪና ወሎን ስንዞር የት እንቁም? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከኮምቦልቻ የደወለ አድማጭ፦ ጋሼ፣ አምስት ጓደኛሞች ነን። ሦስት ቮልስና ሁለት አሮጌ ፊያት ይዘን ተከታትለን ወደ ሐይቅ ልንወጣ ነው። ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ለፎቶ የትኛው ጋ ብንቆም ይሻላል?

መልስ፦ አብሽር፣ ቦታውን መኪናው ራሱ ይመርጥላችኋል። ከኮምቦልቻ ደሴ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያች መንገድ ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ወደ 2,500 ትወጣላችሁ። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይደክማል። ውሃም ደሴ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን የላላበት ፊያት መጀመሪያ የሚጮኸው ለዚህ ነው። እንግዲህ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ኩርባ ላይ አትቁሙ። ዳሩ ሰፋ ያለበት ስትደርሱ ጎማውን በድንጋይ ደግፉና ወደ ኋላ ዙሩ፦ የኮምቦልቻ ሜዳ እግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። ሃያ ደቂቃ እዚያ ብትቆዩ ለዓይንም ለሞተርም ነው። ክዳኑን በትኩሱ የሚከፍት እጁን ይጠላል ማለት ነው።

ቮልሶቹ ውሃ የላቸውም፣ የሚቀዘቅዙት በአየር ነው። ማራገቢያውንም ዲናሞውንም የምታዞረው አንድ ቺንጋ ናት። ስለዚህ የዲናሞዋ ቀይ መብራት ከበራች «ባትሪ ነው» ብላችሁ እንዳትነዱ፤ ወዲያው አጥፉ። ትርፍ ቺንጋ ሳይዝ የሚወጣ ቮልስ እኔ አላጅብም።

ከደሴ የደወለች አድማጭ፦ እናቴን ይዤ ሐይቅ እስጢፋኖስን ላሳልማት ነበር። ሴት አይገባም የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፣ ገዳሙ የወንዶች ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው፤ ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ በየብስ ተያይዟል። እናትሽን ግን እንዳታስቀሪያቸው። ከዳር ሆነው ቢሳለሙ ውሃውም ገዳሙም ፊት ለፊት ነው። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማልዳችሁ ውጡ፤ ነፋስ ሳይነሳ ሐይቁ እንደ መስተዋት ነው። ዓሣውንም እዚያው ቅመሱ፣ ካልጾሙ።

ወጣት አድማጭ፦ ሰኞ ባቲ ገበያ በፔጆ መሄድ እንዴት ነው?

መልስ፦ ከሁሉም የምመርጠው ይኼን ነው። ከኮምቦልቻ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ሜዳ ሲገበያይ ታያለህ። ይኸው መንገድ ነው በሚሌ አድርጎ አሰብ፣ ባሕሩ ድረስ የሚወርደው፤ የድሮ ሾፌሮች ጭነት ያመላለሱበት። ቁልቁለቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ ሸራው ይሸትትሃል፣ ከዚያ ፔዳሉን ብትረግጠውም አይዝልህም። ቆላው ሲሞቅ ደግሞ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተንና መኪናው ድንገት ይጠፋል። መካኒክ አትፈልግ፦ የቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣልና ጥላ ሥር ተቀመጥ። መኪናውን ከገበያው ውጭ አቁም፤ ግመል ላይ ክላክስ አይነፋም፣ ቢደነግጥ ጥፋቱ ያንተ ነው።

ሌላ አድማጭ፦ ውጫሌስ ያስቆማል?

መልስ፦ ብዙ የሚታይ ነገር ብለህ አትሂድ። ግን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ያ አንቀጽ 17 ያለበት ውል የተፈረመው በዚያ አገር ነው፤ ልጆች ይዘህ ከሆነ አቁምና ንገራቸው። ለዓይን ግን የአምባሰል ተራራ ይሻላል። አምባሰልም ባቲም የቅኝት ስም ናቸውና ቴፑ ካልሠራ ራስህ አንጎራጉር፤ የአሮጌ መኪና ቴፕ መቼም አይሠራም።

ለሁላችሁም፦ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከዚያ ከመጣ ሾፌር ጠይቁ፣ ሳይመሽም ግቡ። የአሮጌ መኪና መብራት ለጭጋግ አይሆንም።