ወይዘሮ ማለት

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማንበብና የመጻፍ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ወረቀታችሁን ልትቀበሉ ነው የመጣችሁት። ብዙ አልይዛችሁም። ስለ አንድ ቃል ብቻ ላውራችሁ፤ በየወረቀታችሁ ላይ ከስማችሁ ፊት ስለተጻፈው፣ ስለ ወይዘሮ።

እዚህ ደሴ ቃሉን የማያውቅ የለም። ወይዘሮ ስኅን ትምህርት ቤት አለን። እኔ ልጅ ሆኜ ወይዘሮ ማለት ያገባች ሴት ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ ስኅን የሚባሉ አንዲት ባለትዳር ናቸው ብዬ አልፈው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ወይዘሮ ስኅን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ወይዘሮ ያሰኛቸው ትዳራቸው ሳይሆን ትውልዳቸው ነው። ያን ጊዜ ቃሉ ማዕረግ ነበር። የንጉሥ ወይም የመስፍን ሴት ልጅ ገና ሳትዳር ወይዘሮ ትባላለች። ብዙ ሲሆኑ ደግሞ ወይዛዝርት ይሏቸዋል። ወንድ ልጅስ? እሱ «ልጅ» ይባላል። የስኅን ወንድም ማን ነበሩ? ልጅ ኢያሱ። አባታቸው አንድ፣ እሳቸው ወይዘሮ፣ ወንድማቸው ልጅ።

ደግሞ ለጌጥ ብቻ የሚያዝ ስም እንዳይመስላችሁ። ወይዘሮ ወርቂትን አስቧቸው። ወሎ ውስጥ አገር የገዙ ሴት ናቸው። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲሸሹ የተቀበሏቸው እሳቸው ናቸው፤ ያውም የገዛ ልጃቸው እዚያው መቅደላ፣ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ እያለ። እንግዳቸውን ይዘው ቢሰጡ ኖሮ ልጄ ይተርፍልኛል ብለው ማሰባቸው መቼም አይቀርም። አልሰጡም። ልጃቸው ተገደለ። እኔ ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሥልጣን ሲባል ዙፋንና ነጋሪት ብቻ ነው የሚታየን፣ እሳቸው ግን በዚያች ቀን የከፈሉት ዋጋ የእናት ዋጋ ነበር።

አቶም እንደዚሁ ነው። አቤቶ ከሚለው የመጣ ነው፣ አቤቶ ደግሞ የመሳፍንት ልጆች መጠሪያ ነበር። ዘመን ሲለወጥ ሁለቱም ቃላት ከግቢ ወጡና የሁላችን ሆኑ። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። አቶ የሚባለውን ሰው አግብተሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ላጤውም አቶ ነው፣ የፈታውም አቶ ነው። እናንተን ግን ወይዘሮ ነሽ ወይዘሪት እያሉ ይመረምሯችኋል።

እናቴ ትዝ ትለኛለች። ባቲ ሰኞ ገበያ እየወረደች፣ ፈትል እየሸጠች ነው አራታችንን ያሳደገችን። አንድ ቀን ለጉዳይ አንድ ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊው ወይዘሮ ልበል ወይዘሪት አላት። «ባል የለኝም ልጄ፣ ከተፋታን ቆየን» አለችው። ትንሽ አሰበና ምንም ሳይጽፍ ስሟን ብቻውን አሰፈረው። ከዚያ በኋላ ጉዳያችን እስኪያልቅ «አንቺ፣ አንቺ» እያለ ነው የጠራት፣ በልጅነት ዕድሜው! እሷ ምንም አላለችም። መንገድ ላይ ግን ነጠላዋን እያስተካከለች «ስሜን ራቁቱን ጻፈው» አለችኝ።

ስለዚህ ይህን ወረቀት ስናዘጋጅ ተነጋገርን። አንዳንዶቻችሁ ባለትዳር ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ የፈታችሁ፣ ባል የሞተባችሁም አላችሁ፣ ሁለቱ ልጆች ደግሞ ገና አላገባችሁም። ማንንም አልጠየቅንም። ሁላችሁም ላይ ወይዘሮ ብለን ጽፈናል፣ ወይዘሮ ስኅን በተባሉበት አባባል። አሁን ስማችሁን እየጠራሁ ነው። የተጠራች ትውጣ፣ መጀመሪያ ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን ራሷ ጮክ ብላ ታንብብልን።