ሙዙን ወደዚያኛው ጠረጴዛ አዛውሩልኝ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወዳጆቼ፣

እንደምን አላችሁ? ሊቀመንበሯ አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ዓምና አሥር ደቂቃ ተብዬ ስንት እንደፈጀሁ ስለምታስታውሱ ዘንድሮ ጽፌ መጥቻለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የታወቁና እንግዳ ፍራፍሬዎችና አትክልቶች» ይላል። ስትገቡ ሁለቱን ጠረጴዛዎች አይታችኋል። በቀኝ «የታወቁ» ተብሎ ሙዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ኪዊ ተደርድሯል። በግራ «እንግዳ» ተብሎ ዱሪያን፣ ጃክፍሩትና አኪ ተቀምጠዋል። ያዘጋጃችሁ ልጆች፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ሙዙን በቀኝ በኩል ያስቀመጠው ማነው?

እንደምትስቁ አውቃለሁ። እኔ ግን የምሬን ነው።

እስቲ ሙዝን ገና ዛሬ እንዳያችሁት ቁጠሩት። ፍሬ ሆኖ ዘር የለውም። መሃሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ዘር ሊሆኑ ሲሉ የቀሩ ናቸው። የዱር ዘመዶቹ ግን ውስጣቸው ጠጠር በመሰለ ዘር የተሞላ ነው፤ ጥርስ ያስለቅማሉ። ተክሉም ዛፍ ይመስላል እንጂ ዛፍ አይደለም። ግንድ የምንለው ተጠቅልሎ የተደራረበ ቅጠል ነው። የሚራባው ከእናቱ ሥር በሚወጣ ቡቃያ ስለሆነ ልጅ ከእናቱ አይለይም። ከአገር አገር ተጭኖ የሚሸጠው ሙዝ ከሞላ ጎደል ሁሉም ካቨንዲሽ የሚባለው ነው። አንድ ተክል ሚሊዮን ጊዜ ተገልብጦ ማለት ነው። ታዲያ ከዚህ በላይ እንግዳ ነገር አለ?

እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ ድረስ ገበያው ግሮ ሚሼል የሚባል የሌላ ሙዝ ዝርያ ነበር። ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ የመርከብ ጉዞ ይችላል። ከዚያ አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ መጣበት። በሥሩ ይገባል፣ ውኃ የሚያልፍበትን ቧንቧ ይደፍናል፣ ተክሉ እንደቆመ ይደርቃል። ስሙን የፓናማ በሽታ አሉት። ፈንገሱ አፈሩ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ስለሚቆይ በመካከለኛው አሜሪካ ሰፋፊ እርሻዎች ተጥለው ተሄደ። ነጋዴዎቹም በሽታውን ወደሚቋቋመው ወደ ካቨንዲሽ ዞሩ። እሱ ደግሞ በ1830ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የአንድ መስፍን አትክልተኛ፣ ጆሴፍ ፓክስተን፣ በመስታወት ቤት ያሳደገው ነው። ስሙም የመስፍኑ ቤተሰብ ስም ነው።

እሺ፣ ከዚህ ሁሉ ኪሳራ ምን ተማሩ? አንዱ ዝርያ ሲሞት በሌላ አንድ ዝርያ ተኩ! አሁን ካቨንዲሽን የሚገድል የዚያው ፈንገስ ዓይነት መጥቷል። በ2019 ኮሎምቢያ ውስጥ መገኘቱ ተረጋግጧል። ዓለም ላይ ከሺህ በላይ የሙዝ ዝርያ እያለ! በፓስፊክ ደሴቶች ዘለላው ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ሥጋው ብርቱካንማ የሆነ ሙዝ አለ። ልጣጩ ቀይ የሆነም አለ።

ቀዩን እንኳ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ዘለላ ተሸክሜ መጥቼ ነበር። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ፈገግ ይላል፣ ቢጫውን አንስቶ ይሄዳል። አንዲት እህታችን «ታሟል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማታ ላይ ዘለላው እንዳለ ነበር። ነገ እወስደዋለሁ ብዬ ሄድኩ። በማግስቱ ስመጣ የለም! ስናጸዳ የተበላሸ መስሎት አንድ ወንድማችን ጥሎታል። ስሙን አልጠራም። አሁን አንገቱን የደፋውን ብቻ ፈልጉ።

ይኸው ነው ንዴቴ። የአትክልት ማኅበር አባላት ነን እያልን ቀይ ሙዝ ቆሻሻ ውስጥ ከጣልን፣ ከሌላው ሰው ምን እንጠብቃለን?

ድንቹም ያው ነው። በ1845 አየርላንድ ውስጥ በሽታ ሲገባ ድሃው ገበሬ የሚተክለው በአብዛኛው አንድ ዝርያ ነበር። በረሃቡ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ድንች በተገኘበት በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ግን ገበሬው በአንድ ማሳ ብዙ ዓይነት ቀላቅሎ ይተክላል። ሐምራዊ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ጎርባጣ አለ።

ደቂቃዬ እያለቀ ነው። ኪዊ ቀኝ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ስም ቀይሮ ነው። ዘሩ ከቻይና ኒው ዚላንድ የገባው በ1904 ሲሆን «ኪዊ» ያሉት በ1959 ለገበያ ብለው ነው። ካሮትም መጀመሪያ ሐምራዊና ቢጫ ነበር። «እንግዳ» ያላችሁት ጃክፍሩት ደግሞ የባንግላዴሽ ብሔራዊ ፍሬ ነው።

አኪውን እንዳትነኩ። ዛፉ ላይ እያለ ራሱ ካልተከፈተ መርዝ ነው፤ የመጣው ለዕይታ ብቻ ነው። ዱሪያኑን ደግሞ ውጭ ነው የምንከፍተው። ሲንጋፖር ውስጥ ከመጥፎ ጠረኑ የተነሳ ባቡር ላይ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ይህ አዳራሽ ደግሞ መስኮቱ ሁለት ብቻ ነው። ቢላ የያዘ ይከተለኝ።

ማርከር ያለውም ካለ ያውሰኝ። የሙዙን ጽሑፍ እኔው እቀይረዋለሁ።