ደለሉን ለማሳው መልሱለት

እናቶች፣ አባቶች፣ የቅሬ፣ ማለትም የእድራችን ዳኞች፣ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሼሆቹም ቄሶቹም መርቀውናል፣ አሚን ብለናል። ስለ ሐይቃችን ጠረጋ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። የምናገረው ብዙ አለ፣ የመጣሁበት ጉዳይ ግን አንድ ነው። የምናወጣው ደለል የት ነው የሚደፋው?

ይቺን ሐይቅ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ግማሾቻችን ዋና የተማርነው እዚህ ነው። ባለፈው እሁድ ከሁለት ወጣቶች ጋር በጀልባ ገብተን በቀርከሃ ለካናት። ድሮ ጎበዝ ዋናተኛ ታች ነክቶ ሲወጣ የሚጨበጨብለት ቦታ፣ መሀሏ ላይ፣ ውኃው ወገቤ ድረስ ቢሆን ነው። ከዚያ በታች ጭቃ ነው። ቀርከሃውን ጫን ስለው እንደ ገንፎ ዋጠው። ሲወጣ ጫፉ ጥቁር ነው፣ የገማ እንቁላል ይሸታል። ታች አየር የለም ማለት ነው፤ ዓሣዎቹ በየጊዜው ሞተው የሚንሳፈፉትም ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን የዛሬ ሦስት ዓመቱን አስታውሱልኝ። ስካቫተር መጣ፣ ከበሮ ተመታ፣ ፎቶ ተነሣን። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ለነዳጁ ከየቅሬው ሣጥን አዋጥተናል፤ እትዬዎቹ ደግሞ ለሠራተኛው ቡናና ቂጣ ሲያመላልሱ ነው የሰነበቱት። ስካቫተሩ ደለሉን አወጣና እዚያው ዳር ላይ ከመረው። ከሰው ቁመት በላይ ነበር። «ኧረ ይሄ ነገር ከዚህ ይነሣ» ብዬ ለሚመለከተው ቢሮ አንድ ሁለቴ ሳይሆን አራቴ ሄጃለሁ። «በጀት ሲለቀቅ ገልባጭ ይመጣል» ተባልኩ። ግንቦት ሄደ፣ ሰኔ ገባ፣ ገልባጩ የለም። ልጆች ይንሸራተቱበት ጀመር።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲያወርደው አደረ። እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ጎህ ሲቀድ ጃንጥላዬን ይዤ መጣሁ። ክምሩ ላይ የጣት ስፋት ያላቸው ቦዮች ከላይ እስከ ታች ወርደዋል፣ ከየቦዩ ጫፍ ቀይ ውኃ ሐይቋ ውስጥ ይንቆረቆራል። ክረምቱ ሲወጣ ከክምሩ የተረፈው ጉልበቴን አያልፍም። የእናንተ የቅሬ ገንዘብ ነው ተመልሶ የገባው! በለቅሶ ቀን ለድንኳን የምናወጣው ገንዘብ! ዘንድሮም ዳር ላይ አንዲት ባሬላ እንኳ የሚደፋ ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ባሬላውን ይዤ አስቆመዋለሁ። እናንተም አስቁሙት!

ያኔ ክምሩ ሳይሄድ አንድ የላይኛው ቀበሌ ገበሬ ከገበያ ሲመለሱ ቆሙ። ጎንበስ አሉና አንድ እፍኝ አነሡ። በጣታቸው እያሹ ብዙ ቆዩ። ከውስጡ የጤፍ ገለባ አገኙና አሳዩኝ። «ይሄ እኮ የኛ መሬት ነው» አሉኝ። ሌላ አላሉም፣ አህያቸውን ነድተው ሄዱ። እኔ ያንን ቀን አልረሳሁትም። እኛ ቆሻሻ ብለን የምንጠራው የሳቸው ማሳ የላይኛው ልብስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ ላይ መሬቱ ታርሶ ራቁቱን ነው፣ ቡቃያ ገና አልሸፈነውም። ጎርፍ ተዳፋቱን ሲወርድ ይሮጣል፣ ሐይቅ ሲደርስ ይቆማል። ሲቆም የያዘውን ይጥላል፦ አሸዋውን አፉ ላይ፣ ለሙን አፈር መሀል ድረስ። ከደሴ በታች ማይባር ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአፈር መከላት፣ ማለትም ጎርፍ አጥቦ የሚወስደው አፈር ሲለካ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከእሷና ከመሰሎቿ ጣቢያዎች ልኬት ተነሥተው ባለሙያዎች የገመቱት፣ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚሄድ ነው። ሁለት ሲኖትራክ ሙሉ በሉት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ይችለዋል። የእኛዋ አትችልም። ሐረማያ ሰፊ ሐይቅ ነበር፤ ውኃው ያለ ልክ ተሳበ፣ ደለሉ ሞላው፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ደረቀ።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው። ደለሉ ይውጣ፣ ጠፈፍ ይበል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይመለስ። ገበሬዎቹ በአህያም በጋሪም እንወስዳለን ብለዋል፣ አነጋግሬያቸዋለሁ። በጋራዡ በኩል ያለውን ግን አትስጧቸው፤ ዘይት አለበት፣ ሳይመረመር ማሳ ላይ አይወጣም።

ሐይቋ አፍ ላይ ደግሞ ደለል የሚያስቀር ጉድጓድ እንቆፍር፣ ጎርፉ እዚያ አርፎ ይግባ። በየዓመቱ እሱን መጥረግ ይቀላል። ላይ ተዳፋቱ ላይ እርከንና ጎርፍ የሚገታ ክትር ያስፈልጋል፣ ለዚያ የገበሬዎቹ ወንፈል አለ፣ እኛም እንውጣ። ፕላስቲኩን ነገር ወጣቶቹ ይዘውታል፣ አብሽሩ ብያቸዋለሁ።

በልግ ሳይገባ መጨረስ አለብን። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እዚሁ ዋርካ ሥር ነን። አካፋ ያለው አካፋ፣ ባሬላ ያለው ባሬላ ይያዝ። አህዮቹ በላይኛው በር ይገባሉ፣ መኪና የምታቆሙ እባካችሁ ያንን በር አትዝጉት።